የአያቶቻቸው ቋንቋ እንዳያሳፍራቸው

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ጎንደር ውስጥ አማርኛ ሳስተምር፣ ከቅማንት ቤተሰብ የተወለዱ ተማሪዎቼ አማርኛን የዕለት መግባቢያቸውና የሥራ ተስፋቸው አድርገው እንደሚወዱት አያለሁ፤ የሚያሳዝነኝ ግን አንዳንዶቹ አያቶቻቸው ቅማንትኛ ይናገሩ እንደሆነ ሲጠየቁ አንገታቸውን መድፋታቸው ነው። ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ይህ ቋንቋ ዛሬ የሚሰማው በአብዛኛው ከአረጋውያን አንደበት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 አማርኛን የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ ከማድረጉ በፊት፣ ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንደሚኖራቸው ደንግጓል። ልጆቹ አማርኛን መውደዳቸው ደስ ያሰኘኛል፤ ሌላውን እንዲሸሹ የሚያደርጋቸው ግን በክፍል ውስጥ የሚሰማ ሳቅ ነውና፣ እኛ መምህራን ዝም ብለን እንዳናልፈው፣ የሚመለከታቸውም አረጋውያኑ በሕይወት ሳሉ ንግግራቸውን በድምፅ የሚቀዱ የተማሪ ክበባትን እንዲደግፉ አጥብቄ እለምናለሁ።

የአማርኛ መምህር
ከጎንደር