የአሮጌ ሞተር አሞርዛተር በሞተር ዘይት አይሞላም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩት እነ ሆንዳ ኤክስኤል 125፣ እነ ሱዙኪ ቲኤስ 125 እና ቀደምቶቹ ያማሃ ዲቲ ሞተር ብስክሌቶች ዛሬም የሚያድሳቸው አላጡም። እድሳቱ ግን ሞተሩና ካርቡሬተሩ ላይ ያልቃል። ከኋላ ግራና ቀኝ የቆሙት፣ የመንገዱን ንጥቂያ የሚገቱት ሁለቱ አሞርዛተሮች ወይ ቀለም ተቀብተው ይታለፋሉ፣ ወይ «አልቀዋል» ተብለው ይጣላሉ፣ ሲብስም ጎናቸው ተበስቶ 40 ቁጥር የሞተር ዘይት ይሞላባቸዋል። ይህን ደብዳቤ ያጻፈን ሦስተኛው ነው። ወደ እሱ የምንደርሰው ግን ምርመራው ሲቀድም ነው።

«አልቋል» ከሚባለው ውስጥ ብዙው ጥፋት የአሞርዛተሩ አይደለም። ሞተር ብስክሌቱን ከሥሩ በሣጥን ደግፎ የኋላ ጎማውን ከመሬት ማንሳት፣ ከዚያ ጎማውን ይዞ ግራና ቀኝ መነቅነቅ ነው። የሚንኳኳ ነገር ካለ የኋላውን ጎማ የያዘው ሹካ ቡሽ ወይም የጎማው ኩሽኔታ ተበልቷል። ጎማው ወደ ላይ ሲነሳ ሞላው ሳይጨመቅ ጥቂት ሚሊ ሜትር በባዶ ከሄደ ደግሞ ያለቀው በአሞርዛተሩ ዓይን ውስጥ ያለው ጎሚኒ ነው፤ ከሁሉም ርካሹ ዕቃ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ችግር ካልተገኘ አሞርዛተሩ ይፈታ፣ ሞላውም ይውለቅ። በሞተሩ ላይ በተገጠመበት አቅጣጫ አቁሞ ዘንጉን አምስት ስድስት ጊዜ እስከ መጨረሻው መግፋትና መሳብ ያስፈልጋል። ተኝቶ የከረመ አሞርዛተር አየሩና ዘይቱ ስለሚቀላቀል የመጀመሪያዎቹ ምቶች ባዶ ቢሆኑ አይፈረድበትም። ከዚያ በኋላ ግን በእጅ የሚሰማው ክብደት ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት፣ ሲሳብም ከሚገፋበት የበለጠ መሆን አለበት፤ የተጨመቀው ሞላ ሲፈናጠር የሚገታው ይኸው የመሳብ ክብደት ነውና። ባዶ ቦታ ከተገኘ ዘይት ጎድሏል። አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ከሆነ ዘንጉ ጎብጧል። ሲነሳ ደህና ሆኖ ከሩብ ሰዓት ጉዞ በኋላ የሚለሰልስ ከሆነ ወይ ዘይቱ ቀጥኗል ወይ የፒስተኑ ቀለበት ተበልቷል። በውስጡ የተጨመቀ ጋዝ ያለው ዓይነት ተገፍቶ ሲለቀቅ በራሱ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ገብቶ ከቀረ ጋዙ አምልጧል። በዘንጉ ላይ የሚታይ ስስ የዘይት ወዝ አያሳስብም። አቧራ አቡክቶ የተለጠፈ ዘይት ግን ፓራኦሊዮው (ዘይቱ በዘንጉ ዙሪያ እንዳይወጣ የሚያግደው ጎሚኒ) እንዳለቀ ይናገራል።

የደከመ ሞላም ጥፋቱን በአሞርዛተሩ ያሳብባል። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ቁመታቸውን ማስተያየት ነው፤ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ጥንዱ አብሮ ይለወጣል። ቀጥሎ ከኋላው አክሰል እስከ መቀመጫው ሥር ያለውን ርቀት፣ አንድ ጊዜ ጎማው ተንጠልጥሎ፣ አንድ ጊዜ ነጂው ተቀምጦበት መለካት። ልዩነቱ ከጎማው ጠቅላላ እንቅስቃሴ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይሁን፤ 120 ሚሊ ሜትር ለሚንቀሳቀስ 40 ማለት ነው። የሞላውን መጨመቂያ ቀለበት ማዞር ኋላውን ከፍ ያደርጋል እንጂ ሞላውን አያጠነክረውም። ጥንካሬው ያለው በሽቦው ውፍረት ነው፤ ውፍረቱ በራሱ አራት ጊዜ የተባዛውን ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ከ7 ወደ 8 ሚሊ ሜትር ሽቦ መሄድ ሞላውን 70 በመቶ ገደማ ያጠነክረዋል። «ትንሽ ወፈር ያለ ስጡኝ» ብሎ መግዛት ወገብ የሚያስቆርጠው ለዚህ ነው። ሞላን በእሳት አግሎ መዘርጋትማ ብረቱን መግደል ነው።

ለመክፈት መጀመሪያ ጋዝ እንዳለውና እንደሌለው ማወቅ ግድ ነው። የመሙያ ቫልቭ ካለው ጋዙ በዚያ በኩል ሙሉ በሙሉ ይለቀቅ፣ ዓይንም በመነጽር ይሸፈን። ሞርሳ የሚነክሰው የታችኛውን ዓይን ብቻ ነው፣ እሱንም በአሉሚኒየም ተሸፍኖ። ገላውን ወይም ዘንጉን በሞርሳ የነከሰ ሰው አሞርዛተሩን እዚያው ጨርሶታል። ክዳኑ ጥርስ ካለው በሁለት እግር ቁልፍ ይፈታል፤ በሽቦ ቀለበት የተያዘ ከሆነ ክዳኑ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ቀለበቱ ከጉድጓዱ ይወጣል። በፒስተኑ ላይ ያሉት ስስ ሮንዴላዎች ተራቸው እንዳይዛባ እንደወጡ በሽቦ ላይ ይሰኩ። የአንዲቷ መገልበጥ ወይም መቅደም የአሞርዛተሩን ጠባይ ይለውጠዋል።

ዘንጉ በመስታወት ላይ ሲንከባለል ብርሃን ካሳለፈ ጎብጧል። ክሮሙ በጥፍር ሲዳሰስ የሚይዝ ጉድጓድ ካለው አዲስ ፓራኦሊዮ አይታደገውም፤ ወይ እንደገና ክሮም ተነክሮ ይሞረዳል፣ ወይ ዘንጉ ይለወጣል። በጥፍር የማይያዝ ጭረት ግን በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀትና በዘይት፣ ዘንጉን ዙሪያውን እየዞሩ እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን፣ ይስተካከላል። ፓራኦሊዮ ሲገዛ የውስጥ ስፋቱ፣ የውጭ ስፋቱና ቁመቱ በካሊፐር ተለክተው ይያዙ። የፍሬን ጎሚኒ ቢገጥምም አይገባም፤ የማዕድን ዘይት ያሳብጠዋል። ሲገጠም ከንፈሩ ወደ ዘይቱ ይዞራል፣ የዘንጉ ጥርስም ከንፈሩን እንዳይቆርጥ በቴፕ ይጠቀለላል።

አሁን ወደ ዘይቱ። የአሞርዛተር ዘይት በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 32 ሴንቲስቶክስ (የዘይት ውፍረት መለኪያ ነው) ውፍረት አለው። 40 ቁጥር የሞተር ዘይት በዚያው ሙቀት ከ100 ያልፋል። አሞርዛተሩ የሚሠራው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ በሚፈጠረው ተቃውሞ ስለሆነ፣ በሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ የወፈረ ዘይት ጠዋት በብርዱ እንደ ዱላ ያደርገዋል፤ ጎማው ከድንጋይ ድንጋይ ይዘላል፣ ግፊቱም አዲሱን ፓራኦሊዮ ይገፈትራል። «ጠነከረልኝ» የሚባለው ይህ ነው። በጣሳ ላይ የሚጻፈው 5 ወይም 10 ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ የሚታመነው የሴንቲስቶክስ ቁጥሩ ነው። የአሞርዛተር ዘይት ከጠፋ 22 ቁጥር የሃይድሮሊክ ዘይት ደህና ምትክ ነው። ኤቲኤፍ የሚባለው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ትንሽ ቢወፍርም ያስኬዳል። የፍሬን ዘይት በፍጹም አይሞከርም።

የዘይቱ መጠንም እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ጋዙ ወይም አየሩ ከዘይቱ በፒስተን ያልተለየ አሞርዛተር እስከ አፉ አይሞላም፤ ዘንጉ ሲገባ የራሱን ያህል ቦታ ይፈልጋል። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ 90 ሚሊ ሜትር ሲገባ 10 ሲሲ ገደማ ይይዛል። ያ ቦታ ከሌለ ዘይት ስለማይጨመቅ አሞርዛተሩ መንገድ ላይ ይቆለፋል፤ ወይ ክዳኑ ይፈነዳል ወይ ዘንጉ ይጎብጣል። የዚያን እጥፍ፣ በምሳሌያችን 20 ሲሲ፣ የአየር ቦታ መተው ይበጃል። ከውስጡ የፈሰሰውን ለክቶ ያንኑ መመለስ ግን ስህተት ነው፤ ሲያፈስ የኖረ አሞርዛተር ትክክለኛ መጠኑን አይናገርም። ከተሞላ በኋላ ዘንጉን በዝግታ እያመላለሱ አሥር ደቂቃ ያህል አረፋው እስኪወጣ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ጋዝ የሚሞላው ናይትሮጅን ብቻ ነው። የብየዳ ኦክስጅን ከጋራዡ ጥግ ቆሞ ያጓጓል፤ በግፊት የገባ ኦክስጅን ከዘይት ጋር ሲገናኝ ግን ይቀጣጠላል፣ ይፈነዳል። ሰው የሚገድል ስህተት ነው።

የ1970ዎቹ የፋብሪካ አሞርዛተሮች ብዙዎቹ አፋቸው ተጨፍልቆ የተዘጋ በመሆኑ እንዲከፈቱ አልተሠሩም። በቶርኖ ቆርጦ ጥርስ ያለው ክዳን መሥራት ይቻላል፤ እንደኛ ግን ይህ የሚያዋጣው ሞተሩ በመጀመሪያ ዕቃው እንዲቆይ ለሚፈልግ ብቻ ነው። ዘይት ያለበትን ገላ መበየድ ደግሞ አይታሰብም። ለሥራ የሚነዳ ከሆነ ከዓይን እስከ ዓይን ርዝመቱ ከድሮው ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ የማይለይ አዲስ ጥንድ ይገዛ። ከዚያ የረዘመ ሰንሰለቱን ከሹካው ጋር ያፋጫል።

ከተገጠመ በኋላ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተነድቶ ዳዶዎቹ እንደገና ይጥበቁ፣ ዘንጉም በነጭ ጨርቅ ይጠረግ፤ ጨርቁ ላይ ከስስ ወዝ በላይ ከታየ ፓራኦሊዮው በሚገባ አልተቀመጠም። ላቫጆ ሲገባም የውሃው ግፊት ከዘንጉ አንገት ይራቅ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሞተር ብስክሌት ጥገና ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ