ማሽን የሳለው የዳታቤዝ ንድፍ እንዳለ አይረከብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሐዋሳ ውስጥ ለእንግዳ ማረፊያ ወይም ለክሊኒክ ዌብ አፕሊኬሽን ሲሠራ ከርክክቡ ሰነድ ጋር የዳታቤዝ ንድፍ ይያያዛል፤ ይህም የመረጃ ሰንጠረዦች (ቴብሎች) በሣጥን፣ ግንኙነታቸውም በመስመር የሚታይበት ሥዕል ነው። ንድፉን ሶፍትዌር መሳሉ ደግ ነው። ክፋቱ የወጣው ሁሉ ሳይነካ ኤ4 ወረቀት ላይ መታተሙ ነው፤ ጽሑፉ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ አይነበብም።

የዌብ አፕሊኬሽን መሥሪያ የሆነውን ጃንጎን እንውሰድ። የራስዎ አንድም ቴብል ሳይኖር የመጀመሪያው ማይግሬሽን (ቴብሎችን ዳታቤዙ ውስጥ የሚፈጥረው ወይም የሚለውጠው ኮድ) ብቻ 10 ቴብሎች ይፈጥራል፦ የተጠቃሚ፣ የፈቃድ፣ የሴሽን እያለ ይቀጥላል። የክፍል ማስያዣን ለመረዳት ግን እንግዳ፣ ክፍል፣ ማስያዣና ክፍያ ይበቃሉ። በጃንጎ ኤክስቴንሽንስ (በጃንጎ ተጨማሪ መሣሪያ) ንድፍ ማውጫ ትእዛዝ ላይ ትልቁ «ኤክስ» (-X) የማይፈለጉ ሞዴሎችን (ቴብል የሚሆኑ የኮድ ክፍሎችን)፣ ትንሹ «ኤክስ» (-x) ደግሞ በየሣጥኑ የሚደጋገሙ ኮለሞችን (የቴብል ዓምዶችን) ያስቀራል። ሁለቱን ያምታታ ሰው ንድፉ እንደነበረው ይወጣበታል። አቅጣጫውን ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከግራ ወደ ቀኝ ማድረግም ለተጋደመ ወረቀት ይመቻል። ምርጫዎቹን ግን ሴቲንግስ ፋይሉ ውስጥ ያስቀምጧቸው። ሣጥኖችን በማውስ እየጎተቱ ያሳመሩት ምስል ሞዴሉ ተቀይሮ ንድፉ እንደገና በወጣ ቁጥር ከዜሮ ይጀመራል።

አማርኛውስ? ለሞዴሉና ለኮለሙ የአማርኛ መጠሪያ ከተሰጠ፣ ትንሿ «ኤን» ያንኑ መጠሪያ ንድፉ ላይ ታወጣለች። ፊደሉ ባዶ ካሬ ሆኖ ከመጣ ጥፋቱ የፎንት ነው። ንድፉን በዶት ፋይል (ንድፉ በጽሑፍ በተገለጸበት ፋይል) አውጥቶ የፎንቱን ስም ወደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ መለወጥ፣ ከዚያ ዶት ፋይልን ወደ ሥዕል በሚቀይረው ሶፍትዌር፣ በግራፍቪዝ፣ ወደ ፒዲኤፍ ማዞር ነው። ፎንቱ ንድፉ በሚወጣበት ኮምፒውተር ላይ መጫን አለበት፤ የሣጥኑ ስፋት የሚለካው እዚያው ነውና፣ ካልተጫነ ጽሑፉ ከሣጥኑ ያልፋል።

ከሁሉ የሚያሳስበን የመስመር መጥፋት ነው። ላራቬል በተባለው ሌላ የዌብ መሥሪያ ላይ ለ«እንግዳ_አይዲ» ኮለም ተፈጥሮለት «ኮንስትሬይንድ» የሚለው (ኮለሙን ከእንግዳ ቴብል ጋር የሚያስተሳስረው ትእዛዝ) ካልተጨመረ፣ ዳታቤዙ ኮለሙን እንደ ተራ ቁጥር ያየዋል። ንድፉን ከዳታቤዙ የሚያነበው እንደ ዲቢቨር ያለ ሶፍትዌርም በሁለቱ ሣጥኖች መካከል መስመር አይስልም። ማይኤስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ ውስጥ ማይአይሳም በሚባለው የማከማቻ ዓይነት የተፈጠረ ቴብልም እንዲሁ ነው፤ ፎሪን ኪይ (አንዱን ቴብል ከሌላው የሚያስር ሕግ) ቢጻፍለትም አይዝም። እዚህ ላይ ምስሉ ላይ መስመር ጨምሮ ማስረከብ ማታለል ነው። መስተካከል ያለበት ማይግሬሽኑ ነው። የሌለ እንግዳ ቁጥር የያዙ ማስያዣዎች አስቀድመው ካሉ ግን ዳታቤዙ ፎሪን ኪዩን አልቀበልም ይላል፤ መጀመሪያ እነሱ ይለዩ።

የማረፊያ ባለቤቶችም ሲረከቡ ከፒዲኤፉ ጋር የዶት ፋይሉንና ንድፉ የወጣበትን ትእዛዝ ይጠይቁ። ከማስያዣ ሣጥን ወደ እንግዳ፣ ወደ ክፍልና ወደ ክፍያ የሚሄዱ ሦስት መስመሮች መኖራቸውን በጣት እየተከተሉ ማየት ፕሮግራመር መሆን አይጠይቅም።

የሶፍትዌር ባለሙያዎች፣ ከሐዋሳ