ኖይዝ ጌቱ ማሰሪያ አንቀጹን እየበላው ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአማርኛ የሚቀርቡ ትረካዎችን፣ ቃለ መጠይቆችንና ትምህርታዊ ቅጂዎችን በጆሮ ማዳመጫ የሚከታተል ሰው አንድ ጉድለት ደጋግሞ ይገጥመዋል። ተናጋሪው ዓረፍተ ነገሩን ሊጨርስ ሲል ድምፁ በመቀስ እንደተቆረጠ ክር ይበጠሳል። ከዚያ ምንም የማይሰማበት ዝምታ ይመጣል። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ደግሞ የመጀመሪያ ፊደሉ ተሸርፎ ይነሳል። ጥፋቱ የማይኩ አይደለም። "ድምፅ ያጸዳል" ተብሎ ያለ ልክ የጠበቀ ኖይዝ ጌት (የጫጫታ ማገጃ) የሚያመጣው ነው። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ድምፅ የሚቀዱና የሚያርሙ ብዙዎች ስለሆኑ፣ ችግሩ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚስተካከል በቁጥር አስደግፈን መጻፍ ፈልገናል።

ጌት እንደ ስሙ በር ነው። ትሬሾልድ የሚባል ደፍ አለው፤ ድምፁ ደፉን ሲያልፍ በሩ ይከፈታል፣ ከደፉ በታች ሲወርድ ይዘጋል። በሩ ሲከፈት ግን የሚገባው ንግግሩ ብቻ አይደለም። የማራገቢያው ሽውታ፣ የክፍሉ ማሚቶ፣ የኮምፒውተሩ ጉምጉምታ ሁሉም ተከትለውት ይገባሉ። ጌት ንግግርን ከጫጫታ መለየት አይችልም፤ ጫጫታውን ዝም የሚያሰኘው ተናጋሪው ዝም ሲል ብቻ ነው። ስለዚህ ጫጫታው ከፍ ያለ ቅጂ ላይ በሩን ጥርቅም ማድረግ ነገሩን ያባብሰዋል። ያለማቋረጥ ቢሰማ ጆሮ ይለምደውና ይረሳው የነበረው ሽውታ አሁን ከእያንዳንዱ ሐረግ ጋር ብቅ ጥልቅ ይላል፤ አድማጩም ሳይወድ በግዱ እሱን መከተል ይጀምራል።

ኤክስፓንደር የጌት የቅርብ ዘመድ ነው፤ በሩን ገርበብ ያደርገዋል እንጂ አይቀረቅረውም። ልዩነቱ ሬሾ በሚባለው ቁጥር ይታወቃል። ሬሾው 1 ለ 2 ሲሆን፣ ድምፁ ከደፉ በታች 1 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) በወረደ ቁጥር የሚወጣው ድምፅ 2 ዴሲቤል ይወርዳል። በዲጂታል ቅጂ ጣሪያው 0 ስለሆነ ከሱ በታች ያለው ሁሉ በሲቀነስ ይጻፋል። ደፉ -48 ዴሲቤል ላይ ነው፣ የክፍሉ ጫጫታ ደግሞ -56 ላይ ተኝቷል እንበል። ጫጫታው ከደፉ በ8 ያንስ የነበረው በ16 ያንሳል፤ ወደ -64 ይወርዳል ማለት ነው። -50 ላይ የሚገኝ የደከመ የቃል መጨረሻ ግን የሚያጣው 2 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ልብ አይለውም። አሁን ሬሾውን 1 ለ 10 አድርጉት፤ በተግባር ጌት የሚባለው ከዚህ ጀምሮ ነው። ያው -50 ላይ የነበረው የቃል መጨረሻ በአንድ ጊዜ 18 ዴሲቤል ያጣል። አለ ለማለት ያስቸግራል።

ይህ ልዩነት ለአማርኛ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ቋንቋችን ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ተናጋሪ ደግሞ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ትንፋሹም ድምፁም ይወርዳል። ዓረፍተ ነገሩን የሚቋጨው ቃል የሚያርፈው በጣም በደከመው ድምፅ ላይ ነው። በሩ "መጣች" ላይ "ች"ን ከቀማ አድራጊዋ ወንድ ሆነች ማለት ነው። "ነው" ሲዋጥ ዓረፍተ ነገሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከፊት በኩልም እንዲሁ ነው፦ "ስ"፣ "ፍ" እና "ህ" ነፋስ እንጂ ጉልበት የሌላቸው ድምፆች ስለሆኑ ደፉን ላያልፉት ይችላሉ። በሩ የሚከፈተው ተከታዩ አናባቢ ሲመጣ ከሆነ "ስለዚህ" ያለው ሰው "ለዚህ" ብሎ ይሰማል። ትርጉሙም ሌላ ሆነ።

ብዙ የማይነሳ ሌላ ነጥብ አለ፤ እሱም የመጥበቅና የመላላት ጉዳይ ነው። "በቃ" ወይም "ሰጠ" ስንል "ቃ" እና "ጠ" ከመፈንዳታቸው በፊት አየሩ ታግቶ ድምፅ ለአፍታ ፈጽሞ ይጠፋል። ፊደሉ ሲጠብቅ ይህ ዝምታ ከ100 ሚሊሰከንድ ሊያልፍ ይችላል። በሩ ንግግሩ ያበቃ መስሎት ከተዘጋ ቃሉ መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። ይህን የሚከላከለው ሆልድ የሚባለው ቁልፍ ነው፤ ድምፁ ከደፉ ከወረደ በኋላ በሩ ሳይንቀሳቀስ የሚቆይበትን ጊዜ ይወስናል። አንዳንድ ሶፍትዌሮች ሲከፈቱ የሚሰጡት 50 ሚሊሰከንድ ለእኛ ቋንቋ አይበቃም፤ ከ150 እስከ 200 አድርጉት።

ወደ አሠራሩ እንግባ። በኋላ የሚታረም ቅጂ ከሆነ፣ ስትቀዱ ጌቱን አጥፉት። በቀረጻ ጊዜ የተቆረጠ ፊደል ተመልሶ አይገኝም፤ ያልተቆረጠውን ግን ሺህ ጊዜ መሞከር ይቻላል። ከንግግሩ በፊት ሁሉም ሰው ባለበት፣ ማይኩም በቦታው እያለ፣ 30 ሰከንድ ዝምታ ቅዱ። ይህ ዝምታ ሁለት ሥራ አለው፤ ጫጫታው ስንት ዴሲቤል ላይ እንደተኛ ትለኩበታላችሁ፣ በኋላም ለተቆረጡ ቦታዎች መሙያ ይሆናችኋል።

መጀመሪያ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን በሃይፓስ ፊልተር አስወግዱ። የጠረጴዛ ንዝረትና የመኪና ጉርምርምታ አብዛኛው እዚያ ነው፤ ካልወጣ የድምፅ መለኪያ ሜትሩን ያሳብጠዋል፣ በሩንም ያለ ጊዜው ያስከፍተዋል። ከዚያ የዝምታውን ከፍታ አንብቡ፤ ቀጥሎ ከንግግሩ ውስጥ በጣም የደከሙትን አምስት ስድስት የዓረፍተ ነገር መጨረሻዎች ፈልጋችሁ እነሱንም ለኩ። ጫጫታው -58፣ የደከመው ቃል -42 ከሆነ በመካከላቸው 16 ዴሲቤል አለ። ደፉን እኩል መሃል ላይ አታድርጉት፤ ወደ ጫጫታው አስጠጉት፣ -52 አካባቢ። ሬሾ 1 ለ 2፣ አታክ (በሩ ለመከፈት የሚወስደው ጊዜ) ከ1 እስከ 5 ሚሊሰከንድ፣ ሆልድ እንዳልነው፣ ሪሊዝ (በሩ ለመዘጋት የሚወስደው ጊዜ) ከ150 እስከ 250። ክፍሉ የሚያስተጋባ ከሆነ ሪሊዙን እስከ 400 አርዝሙት፤ የማሚቶው ጭራ በራሱ ጊዜ እየሰለለ መጥፋት አለበት።

ሉክአሄድ ወይም ፕሪኦፕን የሚባል አማራጭ ካለ ከ5 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ስጡት። በሩ ድምፁ ከመድረሱ ቀደም ብሎ መከፈት ይጀምራል፤ ፍንዳታ ያላቸው ፊደላት ጫፋቸው አይሸረፍም። "ስለዚህ" ላይ ያለችው "ስ" ግን 10 ሚሊሰከንድ አይበቃትም፤ ከዚያ እጅግ ረዘም ትላለችና። እሷን የሚያድናት ደፉን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። አታኩን ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ማውረድም መፍትሔ አይሆንም፤ ሞገዱ መሃሉ ላይ በድንገት ስለሚቆረጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ይወልዳል።

ከሁሉም ቁልፎች ብዙ የሚረሳው ሬንጅ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ድምፁን ቢበዛ ምን ያህል እንደሚቀንስ ይወስናል። አንዳንዱ ሰው እስከ ታች ያወርደዋል፣ ጫጫታው ድራሹ እንዲጠፋ። እኛ ለንግግር የምንመክረው ከ6 እስከ 10 ዴሲቤል ነው። ክፍሉ በጥቂቱ እየተነፈሰ ይቆያል፣ አድማጭም ስልኩ የተቋረጠ አይመስለውም። በ8 ዴሲቤል የቀነሰ ሽውታ ከንግግር ጋር ሲነሳና ሲወድቅ እምብዛም አይታወቅም፤ በ60 ሲነሳና ሲወድቅ ግን ሌላ ነገር ማዳመጥ አይቻልም።

በሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ማለትም በአንድ ቃል ውስጥ ቶሎ ቶሎ እየተከፈተ የሚዘጋ ከሆነ፣ ድምፁ ደፉ ላይ እየዋለለ ነው። መድኃኒቱ ሂስቴሪሲስ ነው፤ መክፈቻውንና መዝጊያውን ሁለት የተለያዩ ደፎች ማድረግ። በ4 ወይም በ6 ዴሲቤል አራርቋቸው። ለቀጥታ ስርጭት በብዛት የሚያገለግለው ኦቢኤስ በኖይዝ ጌቱ ላይ ሁለቱን ለየብቻ ያስቀምጣል፤ መነሻው ላይ የሚሰጠው መክፈቻ -26፣ መዝጊያ -32 ነው። ለብዙ ተናጋሪ ይህ እጅግ ከፍ ያለ ደፍ ስለሆነ ሳይለኩ እንዳለ መጠቀም አደጋ አለው። እዚያው ፕሮግራም ውስጥ ኤክስፓንደር የሚባል ሌላ ፊልተር አለና፣ በቀጥታ ለሚያስተላልፉ የሚሻለው እሱ ነው።

ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። ኤክስፓንደሩ ከኮምፕሬሰሩ በፊት ይቀመጥ። ኮምፕሬሰር ጮክ ያለውን ዝቅ ካደረገ በኋላ ሁሉንም መልሶ ከፍ ያደርገዋል። 8 ዴሲቤል ተጨምሮ ከሆነ -60 ላይ የነበረው ጫጫታ -52 ላይ ይገኛል፤ በንግግሩና በጫጫታው መካከል የነበረው ክፍተትም ይጠባል። ደፉን የምታስቀምጡበት ስፍራ ያኔ ጠፋ።

በሩ በጠረጴዛ ምታት ወይም በ"ፕ" ነፋስ ያለ አግባብ የሚከፈት ከሆነ፣ የሳይድቼይን ፊልተሩን ከፍታችሁ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን እንዳይሰማ አድርጉት። ይህ የሚለውጠው በሩ የሚያዳምጠውን ብቻ ነው፤ የሚወጣው ድምፅ አይነካም። ከላይ በኩል ግን አትቸኩሉ፤ ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ከከለከላችሁት "ስ" እና "ሽ" በሩን የሚያንኳኩበት ጉልበት ያጣሉ።

ብዙ ማይክ በሚኖርበት ውይይት ላይ ኤክስፓንደር ዋጋውን ያሳያል። የተከፈቱ ማይኮች ቁጥር በእጥፍ ባደገ ቁጥር የክፍሉ ጫጫታ በ3 ዴሲቤል ይጨምራል፤ አራት ማይክ ከአንዱ በ6 ይበልጣል። የማይናገረውን ሰው ማይክ በ10 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ ይህን ይመልሰዋል፣ የአንዱ ድምፅ በሌላው ማይክ ገብቶ የሚያመጣውንም የጎድጓዳ ቆርቆሮ ድምፅ ያሳንሰዋል። እዚህም ቢሆን በሩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋ፤ "እህ" እና "አዎ" የሚሉት አጫጭር ምላሾች የውይይቱ ነፍስ ናቸው።

በደከመው ቃልና በጫጫታው መካከል 10 ዴሲቤል ከሌለ ግን ቁልፍ ማዞሩን ትታችሁ ወደ ማይኩ ተመለሱ። የማይኩና የአፍ ርቀት በግማሽ ባጠረ ቁጥር ንግግሩ በ6 ዴሲቤል ገደማ ያድጋል፤ የክፍሉ ጫጫታ ባለበት ይቆያል። ከ40 ሴንቲሜትር ወደ 10 መቅረብ ወደ 12 ዴሲቤል ይሰጣል፤ ያለ አንዳች ሶፍትዌር። ሲቀርብ ነፋስ እንዳይመታው ማይኩን ከአፍ ፊት ለፊት ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት። ያለማቋረጥ የሚሰማ የማራገቢያ ሽውታ ለኖይዝ ሪዳክሽን የሚሰጥ ሥራ ነው፤ በአሠራሩ ድምፁን በብዙ ድግግሞሾች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የራሱን ትንሽ በር የሚያቆም ስለሆነ በንግግሩ ሥር ያለውንም ይነካል። እሱንም ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ባለው ውስጥ ያዙት፤ ካለፈ ድምፁ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል። የ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ እምምታ ደግሞ ከኬብልና ከግራውንድ ይፈለግ።

ሥራችሁን ለማጣራት አስተማማኝ መንገድ አለ። ትራኩን ቅጂ አውጡለት፤ አንዱን በኤክስፓንደር አሳልፉት፣ ሌላውን እንዳለ ትታችሁ ፖላሪቲውን (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጡት፣ ከዚያ ሁለቱን በእኩል መጠን አብራችሁ አጫውቱ። የማይለያዩበት ቦታ ሁሉ ተሰራርዞ ይጠፋል፤ የሚሰማችሁ በሩ የቀነሰው ብቻ ነው። ሽውታና የወንበር ኮሽታ ከሆነ ልክ ናችሁ። "ች"፣ "ም" ወይም የ"ነው" ጭራ ከሰማችሁ ደፉን በ2 ዴሲቤል ዝቅ አድርጉና እንደገና አድምጡ፤ ከሚቀነሰው ውስጥ ፊደል እስኪጠፋ ድረስ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድምፅ ቀረጻና አርትዖት ባለሙያዎች