ደረት ያመመው ሁሉ ጨጓራ የለበትም

ውድ አዘጋጅ፣

አባቴ ደረቱን ሲያመው «ጨጓራዬ ነው» አለን። ተልባ በጥብጠን ሰጠነው። ላቡ ግን ሸሚዙን አርሶት፣ ግራ እጁም ዝሎ ነበር። ሐኪም ቤት የደረስነው ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። ለካ ልቡ ኖሯል! ተርፎልናል፣ ተመስገን።

እርግጥ ጨጓራም፣ የሳንባ ምችም፣ የጡንቻ ሕመምም፣ ጭንቀትም ደረት ያሳምማሉ። ግን እንደ ድንጋይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሕመም ከመጣ «ይንጋና እናያለን» አይባልም። ሴቶችና የስኳር ሕመምተኞች ላይ ደግሞ የልብ ሕመሙ በማቅለሽለሽና በድካም ብቻ ሊመጣ ይችላል።

ቶሎ 907 ደውሉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ሐኪም ቤት ስትደርሱም የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂ የሚባለው፣ እንዲነሳላችሁ ጠይቁ። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።

አክባሪያችሁ፣ ከአዲስ አበባ