ቀንና ቁጥር ሳትይዢ አትውጪ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አክስትሽ አንቺ ካለሽበት ከመዠንግር ዞን ከተማ፣ ከሜጢ፣ ደርሶ ከመጣ ሰው የሰማችውን ነገረችኝ። መሬት ልቀቁ ከተባሉት ገበሬዎች ጋር ወረዳ ሄደሽ ከአንዱ ኃላፊ ጋር ተጯጩኸሻል አሉ። ጩኸቱስ የአባትሽ ነው፣ ከየት ታመጪዋለሽ። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላው ነው፤ ያን ሁሉ ተናግረሽ ስታበቂ ማመልከቻውን ጠረጴዛ ላይ ትተሽ ወጣሽ መባሉ። ልጄ፣ ቀንና ቁጥር ሳትይዢ ከቢሮ አትውጪ።

ማመልከቻ ሁልጊዜ በሁለት ኮፒ ይሁን። አንዱ ይገባል፣ ሌላው ላይ መዝገብ ቤቱ የገቢ ቁጥር ሰጥቶ፣ ቀን ጽፎና ማህተም አሳርፎ ይመልስልሻል። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አስቀምጪላቸው» ካሉሽ እንዳታስቀምጪ። አንቀበልም ካሉ ፖስታ ቤት ሄደሽ በአደራ ላኪው፣ ደረሰኙንም ያዢ፤ ለዞኑ በግልባጭ አሳውቂ። «ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40፣ የንብረት መብት» እያልሽ በር ላይ ከምትሟገቺ አንዲት የገቢ ቁጥር ትበልጣለች። ለሕዝብ ጥቅም ስለሚወሰድ መሬትና ስለ ካሳው የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬት ልቀቅ የሚል ትእዛዝ የደረሰው ሰው አቤቱታውን በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል እንዲያቀርብ ያዛል። ውሳኔው ካላስደሰተው ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤው ሌላ 30 ቀን አለው። ታዲያ በ29ኛው ቀን አቅርቤ ነበር ብትዪ ማን ያምንሻል? ማህተሙ ነው የሚመሰክርልሽ። ማሻሻያውን፣ 1336/2016ንም፣ ጎን ለጎን አንብቢ።

መዠንግሮች ዘንድ ያለውን ነገር ደግሞ ልብ በዪ። ቀፎው ግቢ ውስጥ አይደለም፤ ጫካ ውስጥ በየዛፉ ላይ ተሰቅሏል። የካሳ ገማቾቹ ግን ቤቱ ድረስ መጥተው ጎጆውንና የጓሮውን ቡና ጽፈው ይመለሳሉ። እንዲያርፍ የተተወውን ማሳ ደግሞ «ባዶ መሬት» ብለው ያልፉታል። ስለዚህ እነሱ ሳይመጡ አንቺ ከባለቤቱ ጋር ዙሪ። ቀፎውን በቁጥር፣ ቡናውን በእግር፣ የሚያፈራውን ካልደረሰው ለይተሽ ጻፊ። ያረፈውን ማሳ ማን፣ መቼ አርሶት እንደነበር ሽማግሌዎቹን ጠይቂ፣ ቃላቸውን በቃለ ጉባኤ አስፍሪና ይፈርሙበት። ያለፉትን 3 ዓመታት ምርት ዓመት በዓመት ለያይተሽ መዝግቢ፤ ቡናውን በኩንታል፣ ማሩን በኪሎ። በቋሚነት ተነሥቶ ምትክ መሬት ላላገኘ ሰው የመፈናቀያ ካሳው የሚሰላው ከ3ቱ ዓመት ገቢው የበለጠበት ተወስዶ፣ በ15 ተባዝቶ ነው። ከዚያ ዓመት አንድ ኩንታል ቡና ሳይጻፍ ቢቀር ሰውየው የሚያጣው የ15 ኩንታል ዋጋ ነው።

ስም ላይ ተጠንቀቂ። የመዠንግሮቹን ስም እያንዳንዱ ጸሐፊ ጆሮው እንደሰማው ነው በአማርኛ የሚያሰፍረው። መታወቂያው፣ የይዞታ ደብተሩና ማመልከቻው ላይ አንድ ፊደል ከተለያየ ፋይሉ ይመለሳል፤ ተመልሶ እስኪስተካከል ቀኑ ይቆጥራል። ሚስትየዋም ደብተሩ ላይ ስሟ መኖሩን እዪ። ዋናውን ደብተር ለማንም አታስረክቢ፣ ኮፒው ይበቃል። የይዞታ ካርታው ረቂቅ ቀበሌ ላይ ለሕዝብ ይፋ ሲሆን ሰው ሁሉ ሄዶ ወሰኑን ይይ፤ ያኔ ያልታረመ ወሰን በኋላ ክርክር ነው የሚሆነው።

አንቺ ለማንም እንዳትፈርሚ። ጽፈሽ በቋንቋቸው ይነበብላቸው፣ እነሱ ይፈርሙ። ፍርድ ቤት ከደረሰና ጥቅማቸው አንድ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ሲፈቅድ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ሌሎቹን ወክለው መክሰስ ይችላሉ፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን ቁጥር 38 አንብቢ። የዳኝነት መክፈያ ያጣ ሰው በድህነት እንዲከስ የሚፈቅደው ደግሞ 467 ላይ ነው። ያን ሁሉ የሚያፈርሰው ግን ያው ነው፤ ቀንና ቁጥር የሌለው ወረቀት።

ይህን ለምን እንደምደጋግመው አባትሽ ብቻ ነው የሚያውቀው። መዝገብ ቤት ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ማመልከቻ ይዘው ሦስት ቀን ተመላለሱብኝ። «ይሄን አትመዝግቢ» ተብዬ ነበርና ሦስቴም «ነገ ይምጡ» አልኳቸው። በአራተኛው ሲመጡ ቀኑ አልፎ ነበር። «እሺ ልጄ» ብለው ወረቀታቸውን አጥፈው ወጡ። ቁጥር መስጠት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። አሁንም ደብዳቤ ሳጥፍ እጃቸው ትዝ ይለኛል። አንቺን የሚመልስሽ ጸሐፊም እንደኔ የታዘዘ ሊሆን ይችላልና አትሳደቢው፣ ስሙንና ሰዓቱን ብቻ ጻፊ።

አጎበርሽ ተቀዶ እንደሆነ ዛሬውኑ ስፊው፣ ክርና መርፌ በጥቁሩ ቦርሳ የውስጥ ኪስ አድርጌልሻለሁ። ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልለሽ ያዢ፣ ዝናብ የነካው ማህተም አይነበብም። የኔ ዓለም፣ ብቻሽን ጫካ አትግቢ፣ አምሽተሽም አትመለሺ።

ያንን ጠረጴዛ ላይ የተውሽውን ነገ ጠዋት ሄደሽ በአዲስ ኮፒ አስገቢው። የገቢ ቁጥሩን ጻፊልኝ።

እናትሽ