ለአጥንት ስለሚወሰደው ኢፕሪፍላቮን፦ ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር የመምሪያው ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ደብረ ብርሃን ውስጥ እናቶች እጅ ላይ ስላየሁት ክኒን ነው። ኢፕሪፍላቮን ይባላል። ልጅ ወይም ዘመድ ከውጭ ይልክላቸዋል። እነሱም ከአኩሪ አተር የተሠራ፣ ምንም የማይጎዳ ነገር መስሏቸው ይውጡታል። አኩሪ አተር ውስጥ ካለው አይሶፍላቮን ከሚባለው የተፈጥሮ ንጥረ ነገር ጋር ይመሳሰላል እንጂ ሰው ሠራሽ ነው።

ክኒኑ አዲስ አይደለም። ጣሊያንና ጃፓን ውስጥ ለአጥንት መሳሳት ሲታዘዝ ቆይቷል። የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ጥሩ ተስፋ ነበራቸው። በኋላ 474 ያረጡ አውሮፓውያን ሴቶች የተካፈሉበት የሦስት ዓመት ጥናት ተደረገ። ግማሾቹ በቀን ሦስት ጊዜ 200 ሚሊግራም ኢፕሪፍላቮን ወሰዱ፤ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ክኒን። ካልሲየም ለሁሉም ተሰጠ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ወጣ። የአጥንት መሳሳቱን አልገታም። ስብራትም አልቀነሰም። ጭራሽ ከወሰዱት መካከል 29 ሴቶች ሊምፎሳይት የሚባለው ነጭ የደም ሴል ቀነሰባቸው። ለአንዳንዶቹ ወደ ቦታው ለመመለስ ከዓመት በላይ ፈጅቷል።

ሊምፎሳይት ከበሽታ የሚከላከልልን ነው። ሳንባ ነቀርሳ ገና ባልጠፋበት አገር ይህ እንዴት ቀላል ይሆናል? እናቶቻችን ደግሞ ያለ ደም ምርመራ ነው የሚወስዱት። ለአስም ቲዮፊሊን የሚወስዱ ካሉም ሌላ ስጋት አለ፤ ኢፕሪፍላቮን የቲዮፊሊንን መጠን ደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል።

አሁን ደግሞ «ለመርሳት በሽታም ይሆናል» የሚል ወሬ ሰማሁ። መነሻ አለው። በአልዛይመር የተያዘ ሰው አንጎል ውስጥ አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን ይጠራቀማል። ኢፕሪፍላቮን ይረዳ እንደሆነ በላብራቶሪና በአይጦች ላይ ተሞክሯል። ምርምሩ ይቀጥል፣ ደስ ይለኛል። ግን አይጥ ላይ የታየ ነገር ለሰው መድኃኒት ሆነ ማለት አይደለም። እናቱ ስሙን የረሳችበት ልጅ ያገኘውን ሁሉ ይገዛል፤ አይፈረድበትም። እውነቱን ቀድሞ ሊነግረው የሚገባው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው።

የምጠይቅዎ ከባድ ነገር አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከመንዝ እስከ አንኮበር ቤት ለቤት ይሄዳሉ። አረጋውያን ያሉበት ቤት ሲገቡ «ከውጭ የተላከልዎ ክኒን አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ኢፕሪፍላቮን የምትወስድ እናት ካለች ጤና ጣቢያ ሄዳ የደም ምርመራ ታድርግ፤ መቀጠል አለመቀጠሏን ሐኪም ይወስን። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ሕመምና ለመሳሰሉት የሚታዘዘውን ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱትም አይረሱ። እሱ ራሱ አጥንት ያሳሳል፤ ይህን ግን የሚነግራቸው ያለ አይመስለኝም። በራሳቸው እንዳያቋርጡት ግን አብሮ ይነገራቸው፤ ድንገት ማቆሙም አደጋ አለው።

መልስዎን በየጤና ጣቢያው በር ላይ፣ በትልልቅ ፊደል ቢለጥፉልን ለገበያ የሚወጣው ሰው ሁሉ ያነበዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደብረ ብርሃን ነዋሪ