የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ሆይ፣ ውሃ ጠጡ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከአዳማ ጅቡቲ የምመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። የምጽፈው ስለ ኩላሊት ጠጠር ነው። እኔን አሠቃይቶኛል፤ ጓደኞቼም በዚሁ ሲሠቃዩ አያለሁ።

ከአዋሽ ወዲያ ሙቀቱ አያስቀምጥም፤ ላብ በላብ እንሆናለን። ውሃ ግን አንጠጣም። ሽንት በመጣ ቁጥር የት ይቆማል? ጭነት ጥሎ መውረድ ያስፈራል፣ ኬላ ላይም ሰልፍ አለ። ጥማችንን ይዘን ሎጊያ እንገባለን። ማታ ጨው የበዛበትን ጥብስ በቢራ እናወራርዳለን። ሽንት ሲያንስ ይወፍራል። በውስጡ ያለው ካልሲየምና ኦክሳሌት ተጋግሮ ጠጠር ይሆናል። አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር ከዚህ የሚሠራ ነው።

እኔን ሚሌ ላይ ያዘኝ። ሕመሙ ከጎኔ ተነስቶ ወደ ብሽሽቴ ወረደ። መቀመጥም መተኛትም አቃተኝ። አስመለሰኝ፣ ሽንቴ ደም መሰለ። ረዳቴ ጨንቆት «ቢራ ጠጣ፣ ያጥበዋል» አለኝ። ጠጣሁ። መንገድ ላይ ሁላችንም የምንመካከረው ይህንኑ ነው። ቢራ ግን ለጊዜው ሽንት ያበዛል እንጂ ጠጠር አያሟሟም። ኋላ ደግሞ ሰውነትን ያደርቃል።

ከዚያ በኋላ ስድስት ወር በማስታገሻ ገፋሁት። ኦፕራሲዮን ፈርቼ ነው፤ ሆዴን የሚቀዱኝ መስሎኝ። በመጨረሻ በሲቲ ስካን ስታይ፣ 12 ሚሊ ሜትር ጠጠር የኩላሊቴ መውጫ ላይ ተሰንቅሯል። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይወጣል፤ 10 ካለፈ ግን ዕድሉ ትንሽ ነው። ሐኪሞቹ በሽንት መውጫዬ ቀጭን መሣሪያ አስገብተው በሌዘር ሰባበሩት። የተቀደደ ነገር የለም። ከ2 ሴንቲ ሜትር ለሚበልጥ ጠጠር ከጀርባ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል። ከውጭ በሞገድ የሚሰበርም አለ።

ሽንቱ እንዲወርድ ሐኪሞቹ ውስጥ የተዉልኝ ቱቦ ነበር። ሕመም ሲያቆም መንገድ ወጥቶ የማስወጫውን ቀጠሮ መርሳት ቀላል ነው። አደራ፣ እንዳትረሱ! ቱቦው ከቆየ ራሱ ጠጠር ይይዛል። ሕመሙ ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ ደግሞ ማደር የለም፤ የዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል ነው።

አሁን ውሃ ከጎኔ አይለይም። የታዘዝኩት በቀን ከ2 ሊትር የማያንስ ሽንት እንድሸና ነው። በአፋር ሙቀት ለዚህ ብዙ መጠጣት ያስፈልጋል። ሽንቴ ነጣ ካላለ እጨምራለሁ። ሎሚ እጨምቅበታለሁ፣ ጨው ቀንሻለሁ፣ ሥጋም አላበዛም። ወተት ተው የሚሉኝ አሉ፤ ሐኪሜ ግን ከምግብ የሚገኝ ካልሲየም አትተው ብሎኛል።

የጤና ዓምዳችሁ ይህን ጉዳይ ከዩሮሎጂ (የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ) ሐኪም ጋር ቢያነጋግርልን ደስ ይለናል። የመኪና ባለንብረቶችም ስሙን። ሰዓት ስታሰሉብን ለውሃና ለሽንት የምንቆምበትንም አስቡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የከባድ መኪና ሹፌር፣ ከአዳማ